በቃሬዛ የመጣ ባል

እናንተዬ፣ ወንድ ሆኖ ያማጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያስ እኔን እዩኝ። ያማጥሁትም በድብቅ አይደለም፤ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር ቆሞ እያየኝ ነው። ጠራራ ፀሐይ ያልሁት ለማሳመር ነው፤ ነሐሴ ነበር፣ ሰማዩም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ነበር። ሌላው ግን እውነት ነው።

ዳንግላ ጋሪ ነጂ ነኝ። ዳማ የሚባል ፈረስና የዝና የምትባል ሚስት አለኝ፤ ሁለቱም ከእኔ የተሻሉ አስተዋዮች መሆናቸውን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። የዝና የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር ግን ፍርሃት ያዘኝ። የፈራሁት ልጁን አይደለም፤ ምጡን ነው። እኔ እኮ የአባቴ ላም ስትወልድ ልረዳ ገብቼ ራሴን ስቼ የወደቅሁ ሰው ነኝ። አባቴ ላሚቱን ትቶ እኔን በውሃ ሲያረሰርስ እሷ ብቻዋን ወልዳ፣ ጥጃዋን ልሳ ጨርሳ፣ እኔን ልትልስ ስትመጣ ነው የነቃሁት። ዛሬም ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይነሳብኛል።

ፍርሃቴን ያባባሰው ደግሞ ጌትነት ነው። ጌትነት ባጃጅ ነጂ ነው፤ የጋሪ ዘመን ማለፉን በቀን አንዴ ሳይነግረኝ አይውልም።

"ስማ" አለኝ አንድ ቀን፣ መስታወቱን እየወለወለ። "ስልጡን ሰው ሚስቱን አያስምጥም። ባሕር ዳር ይወስዳል፣ ቀን ያስቆርጣል፣ በኦፕራሲዮን ጭጭ! ምጥ ማለት እንደ ጋሪ ነው፤ ቀርቷል።"

የጌትነት ሚስት በዚያን ጊዜ አላረገዘችም። ያላረገዘች ሚስት ያለው ሰው ስለ ምጥ ሲናገር ደግሞ ማን ይችለዋል! እኔም አመንሁት። ማታውኑ ለየዝና ነገርኋት።

"እኔ ምን ሆኜ ነው የምቀደደው?" አለችኝ። "ሲስተር ዘቢደር ሁሉም ደህና ነው ብላኛለች፤ ልጁም ቦታውን ይዟል። አምጬ ነው የምወልድ። ካንተ የምፈልገው ሌላ ነው።"

"ምን?"

"ያን ቀን አብረኸኝ ግባ። ወገቤን እሽልኝ፣ እጄን ያዘኝ። እናቴም አለች፤ ግን አንተን ነው የምፈልግ።"

ወንድ ልጅ ምጥ ቤት! በእኛ ዘንድ ሴት ስታምጥ ወንድ ቦታው ውጭ ነው። አጥር ተደግፎ በዱላው መሬት ይጭራል። አባቴም ጭሯል፣ አያቴም ጭሯል፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ምን አዲስ ነገር መጣ?

"እግዜር ያውቃል" አልኋት።

እግዜር ማወቁን እሷም ታውቃለች። የጠየቀችው እኔን ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። የዝና ከተቆጣች ይሻላል፤ ዝም ስትል ግን ቤቱ ይጠበኛል።

በማግስቱ ተደብቄ ወደ ሲስተር ዘቢደር ሄድሁ። ሲስተር በጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ድምጿ ግን ከዚህ እስከ ቆሰበር ይሰማል። በየቀበሌው እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን ትሰበስባለች፤ ገንፎ እያበላች፣ እያሳቀች፣ ስለ ምጥ ታስተምራለች። "ምጥ በሽታ አይደለም፤ ሥራ ነው" ትላለች። "ሥራ ደግሞ ተንጋሎ አይሠራም። ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ የምትወዱት ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ብቻ አዋላጅ ካለበት ኑ፤ ቤት አትቅሩ።"

"ሲስተር" አልኋት አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ "ለየዝና ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ይጻፉልኝ። በኦፕራሲዮን ትውለድ።"

"ምን አመማት?"

"ምንም።"

"ታዲያ ማን ነው የታመመው?"

የላሚቱን ነገር ሰምታለች ማለት ነው።

"ስማኝ" አለች። "ኦፕራሲዮን እንደ ድልድይ ነው። ወንዙ ሲሞላ ድልድዩ ነፍስ ያድናል፤ እኔው ራሴ ነኝ ሮጬ የማሻግራት። በደረቅ መሬት ላይ ግን ድልድይ የሚሠራ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ጥሩ። አሁን ደግሞ እኔ ላስቸግርህ። የፊታችን ቅዳሜ ገጠር ገበያ ላይ ስለ ወሊድ ድራማ እናሳያለን። ምጥ የያዛት ሴት ሆኖ የሚጫወት ሰው አጥቻለሁ። እሱን ሥራልኝና ስለ ሪፈሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

ሴት የጠፋው ለምን መሰላችሁ? ያገባችው "ሳይመጣ ምጥ መጥራት ሟርት ነው፤ ማርያም ትቆጣለች" አለች። ያላገባችው "በኋላ ማን ያገባኛል?" አለች። አሮጊቷ ደግሞ "እኔ በቅቶኛል" አለች። ማርያም የማትቆጣው፣ ማንም የማያገባው፣ ያልበቃው ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ።

ልምምዱ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሲስተር አተነፋፈሱን አስተማረችኝ፤ እያቃሰቱ መራመዱን፣ ግድግዳ መደገፉን፣ መንበርከኩን ሁሉ። ወገብ የሚታሽበትን ቦታም በእኔው ወገብ ላይ አሳየችኝ፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ። ባሌ ሆኖ የሚጫወተው መምህር አንሙት ነበር። መምህር ከንቱ ሰው አይደለም፤ ትንኝ የማይገድል ጨዋ ነው። ድራማው ላይ ግን "ሚስቴን ከቤት አላስወጣም! እናቴ ዘጠኝ የወለደችው ጓዳ ውስጥ ነው!" እያለ የሚፎክር ድርቅ ያለ ባል ነበር።

የድራማው ክፍል ሦስት ነው። በመጀመሪያው ባል እምቢ ይላል። በሁለተኛው ምጡ ይበረታል፣ ጎረቤት "ማርያም ማርያም" ይላል። በሦስተኛው ሲስተር ራሷ ነጭ ለብሳ ትመጣለች፤ እኔን እያራመደች፣ ወገቤን እያሸች ለሕዝቡ ታስረዳለች፤ በመጨረሻም ከሆዴ አሻንጉሊት ይወጣና እልል ይባላል። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጧት የየዝናን ሰፊ ቀሚስ አጥፌ ስወጣ በር ላይ ቆመች።

"ዛሬ ወገቤን ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል" አለች።

"ገና ነው እኮ።"

"ገና ነው። ብቻ ሩቅ አትሂድ።"

"ኧረ ቅርብ ነው፣ ከሰዓት እመለሳለሁ" ብያት ዳማን ዥው አደረግሁት። ቅርብ ያልሁትም መንገዱ ደረቅ ሲሆን ነው። በነሐሴ ጭቃ ያች ገበያ ሌላ አገር ናት፤ ሚኒባስ አይደፍራት፣ ባጃጅ አይሞክራት፤ ከሲስተር ሞተር ሳይክል ሌላ ጋሪ ብቻ ናት የምትገባ። ይህን ለጌትነት ንገሩልኝ።

ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ጋሪዬን አቆምሁ። ቀሚሱን ለበስሁ፣ ትራስና አሻንጉሊት በሆዴ አሰርሁ፣ ጢሜ እንዳይታይ ሻሽ እስከ አፌ ጠመጠምሁ። ሱሪዬንና ስልኬን ጋሪው ላይ ተውኋቸው። እንደው ራሴን ላሞግስ ብዬ አይደለም፤ ሴት ስሆን አምር ነበር። አንድ ድንች የሚሸጥ ሰውዬ "ይችስ የማን ናት?" ብሎ ጠይቋል፤ መምህር አንሙት ነው የነገረኝ።

የመጀመሪያው ክፍል እንደ ጉድ ሄደ። መምህር ፎከረ፣ ሕዝቡ ተናደደበት፣ አንዲት እናት የጎመን ዘንግ ወረወረችበት። ሁለተኛው ክፍል ላይ ገና ማቃሰት ስጀምር የሲስተር ስልክ ጮኸ። አናገረችና ወደ መምህር ጠጋ አለች።

"የመጀመሪያ ልጇ የሆነች እናት ጤና ጣቢያ ገብታለች። ሌላ አዋላጅ ስለሌለ መሄዴ ነው። እናንተ ቀጥሉ፤ ሌላ ሰው እልክላችኋለሁ" ብላ ሞተር ሳይክሏ ላይ ተፈናጥጣ ጠፋች።

እንግዲህ ሦስተኛው ክፍል ያለ ሲስተር አይሠራም። መምህር ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና "የምትልከው ሰው እስኪመጣ ምጡን አርዝመው!" አለኝ።

አረዘምሁት። ጌታዬ፣ እንዴት አድርጌ እንዳረዘምሁት! መጀመሪያ ቃተትሁ፣ ቀጥሎ ጮህሁ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተንከባለልሁ። ሲስተር የምትልከው ሰው ጠፍቶ እኔ በበረታሁ ቁጥር ገበያተኛው ድንቹን፣ በርበሬውን፣ በጉን እየተወ መጣ። በኋላ የመጣው ሰው የድራማውን መጀመሪያ አላየም። ያየው መሬት ላይ የምትንፈራገጥ ሴትና አጠገቧ ቆሞ "ከቤት አላስወጣትም!" የሚል ባል ነው። እናቶች ተንበርክከው "ማርያም፣ ማርያም፣ ድረሽላት!" ማለት ጀመሩ፤ ከልባቸው ነው፣ እንባቸው ይወርዳል። እኔም ሞኙ "አቤት ስችልበት!" ብዬ ባሰብኝ።

በዚህ መሃል አያ ቢሻው ደረሱ። አያ ቢሻው የዚያች ቀበሌ የእድር ዳኛ ናቸው። አንዴ አዩኝና "ቃሬዛ!" ብለው ጮኹ።

በዚያ አገር ቃሬዛ ሲጠራ ቀልድ የለም። ትከሻውን የነፈገ ሰው እሱ ሲሞት ቀባሪ አያገኝም። ዓይኔን ገልጬ ሳልጨርስ ሁለቱ አጣና ጎኔ ተጋድመዋል፤ እኔም በጋቢ ተጠቅልዬ፣ እንዳልወድቅ በጠፍር ታስሬ፣ ክፉ ዓይን እንዳያየኝ ፊቴን በነጠላ ተሸፍኜ ሽቅብ ተነሳሁ።

"ተዉ! ድራማ ነው! ድራማ ነው እኮ!" እያለ መምህር አንሙት ቃሬዛው ላይ ተንጠለጠለ። "አትውሰዷት!"

ደግ አደረገ? ሕዝቡ ከጧት ጀምሮ "አትውሰዷት" ሲል ነው የሰማው።

"አንተ ጨካኝ!" አሉት አያ ቢሻው። "ነፍስ እየወጣች ድራማ ትላለህ? ያዙልኝ ይኼን!" ሁለት ጎረምሶች አፈፍ አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ድምፁ ከኋላዬ እየራቀ ሄደ።

መጀመሪያ ዝም አልሁ። ትንሽ ሄደው ያወርዱኛል ብዬ ነበር። እነሱ ግን "ተቀበለኝ!" "ተቀበልሁ!" እየተባባሉ ትከሻ ይቀያየራሉ እንጂ ማቆም የሚባል ነገር አያውቁም። ወገቤ እየተንቋቋ፣ ትራሱ አንገቴ ሥር እየወጣ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማይ ሳላይ ስሄድ ነው ሲስተር "ተንጋሎ አይሠራም" የምትለው ነገር የገባኝ። ጤነኛው እኔ እንዲህ ከሆንሁ፣ ሆዷ ውስጥ እውነተኛ ልጅ ያለባት እንዴት ትሆን?

"አውርዱኝ!" ብዬ ጮህሁ በገዛ ድምፄ። "ወንድ ነኝ! ወንድ ነኝ እኮ!"

ቃሬዛው ቀጥ አለ።

"ሰማችሁ?" አሉ አንዲት መነኩሲት። "ለፈለፈ!"

የባሰ አታምጣ! ምጥ ላይ ያለች ሴት በወንድ ድምፅ ከተናገረች ነገሩ ለዚያ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው፤ የሚናገረው የበላት ቡዳ ነው። ቡዳ ደግሞ መጠየቅ አለበት።

"ማን ነህ አንተ?" አሉ መነኩሲቷ፣ በመቋሚያቸው ጎኔን ጎሸም እያደረጉ።

"ባለ ጋሪው ነኝ!" አልሁ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኋቸው። "ዳንግላ መናኸሪያው ጋ የምቆመው!"

"እሰይ! ተናዘዘ! የት አገኘሃት?"

"ማንን?"

"ይችን ሴት!"

"እኔው ነኝ እኮ ሴቲቱ!"

ይህን ከተናገርሁ በኋላ ለራሴም አልገባኝም። "ጠበሉን!" አሉ መነኩሲቷ። የነሐሴን ጠበል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከነነጠላው ፊቴ ላይ ሲደፋ ጩኸቴ እስከ አዲስ ቅዳም ሳይሰማ አልቀረም። ጩኸቴን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ተቃጠለ ብለው ነው።

አማርኛው አልሆን ቢለኝ በአዊኛ ሞከርሁ። በእናቴ ቋንቋ፣ በእናቴ አምላክ ልቀቁኝ ብዬ ለመንኋቸው።

"ወይ ጉድ! ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ቡዳ!" አሉ አያ ቢሻው፣ በአድናቆት ጭምር። "ይኼስ የተማረ ነው።"

"እንዲያውም ልራመድ!" አልሁ። "ሲስተር ተራመዱ ብላለች!"

"ሊያመልጥ ነው! ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ!"

ይባስ ብሎ አንድ ሰው ወደ ኋላ ዞረና "ያ የማን ጋሪ ነው የሚከተለን?" አለ። ዳማ ነው። ዳማ እኔ የሌለሁበት ቦታ ቆሞ አያውቅም፤ ልጓሙን ያሰርሁበት ቅርንጫፍ ተገንጥሎ፣ ጋሪዬን እየጎተተ፣ ጠረኔን ተከትሎ ከች ብሏል።

"ነጂ የለውም!" አለ ሰውዬው፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

"የቡዳው ጋሪ ነዋ!" አሉ መነኩሲቷ። "እሷ ውስጥ ተቀምጦ እሱ ነው የሚነዳው! በሉ ሩጡ!"

ሮጡ። ዳማም ሮጠ። ጋሪው ላይ ደግሞ ስልኬ እየደጋገመ ይጮሃል፤ የሚያነሳው የለም። ሰዉ ይህን ሲሰማ የባሰ ሮጠ። እኔ ከላይ እንደ ጌሾ እየተወቀጥሁ፣ "ከዚህ ከወጣሁ ድራማ የሚል ሰው ቤቴ አይደርስም" እያልሁ እዝታለሁ።

ኋላ ኋላ ሲደክማቸው ቀስ አሉ። ከጎኔ የሚሄዱ ሴቶች ወሬ ጀመሩ።

"ይኼን ባለ ጋሪ እኮ አውቀዋለሁ" አለች አንዷ። "ሚስቱን ቅድም ከዳንግላ ስነሳ አግኝቻታለሁ። ምጥ ጀምሯት ከእናቷ ጋር በእግሯ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነው። 'ባልሽስ?' ብላት 'ይመጣል' አለችኝ።"

"በሞትሁት!"

"አዎን። እየቆመች፣ እየተነፈሰች፣ 'ይመጣል' ትለኛለች። እሱ እቴ፣ እሷን ጥሎ የሰው ሚስት ይበላል!"

ያን ስሰማ ብርዱም፣ ጠፍሩም፣ ንዴቱም ከላዬ ጠፋ። ሲስተር የመጀመሪያ ልጇ የሆነች እናት ያለቻት የኔዋ የዝና ናት። ሲጮህ የነበረው ስልክም የእሷ ነው። "እግዜር ያውቃል" ብያት የወጣሁትን እኔን "ይመጣል" አለች። ተጠራጥራ አይደለም፣ ለሰው ብላም አይደለም፤ የዝና ያላመነችውን አትናገርም። ነጠላው ሥር ሆኜ አለቀስሁ። አልዋሻችሁም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

"ሩጡ!" አልሁ ባለ በሌለ ኃይሌ። "በማርያም ይዣችኋለሁ፣ ሩጡ! ጤና ጣቢያ አድርሱኝ!"

"ተሸነፈ!" አሉ መነኩሲቷ። "ራሱ አድርሱኝ አለ!"

"ተቀበለኝ!" "ተቀበልሁ!" አገሩ ሁሉ እየተቀባበለ፣ ጭቃውን እየዳጠ፣ እኔ ከላይ "በርቱ! አይዟችሁ! በግራ በኩል ውሃ አለ፣ ዝለሉት!" እያልሁ፣ ዳማ ከኋላ እየጋለበ ዳንግላ ገባን። ፊቴን ተሸፍኜ መንገዱን መምራቴ ለማንም አልደነቀውም። ቡዳ አይደለሁ?

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲስተር ዘቢደር ወጣች።

"ምን ሆና ነው?"

"ቡዳ በልቷት ነው ሲስተር" አሉ አያ ቢሻው እያለከለኩ። "ውስጧ ወንድ አለ።"

ሲስተር ነጠላውን ገለጠች። አየችኝ። አየኋት። ሻሼ አንገቴ ላይ ወርዷል፤ ጢሜ ጠበል ያንጠባጥባል፤ ትራሱ ደረቴ ላይ ደርሷል።

"አዎን" አለች ሲስተር፣ ከንፈሯን ነክሳ። "ወንድ አለ።"

ጠፍሩ ሲፈታ ማንንም አላናገርሁም፤ ወደ ውስጥ ሮጥሁ። የዝና ኮሪደሩ ላይ፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በአንድ እጇ እናቷን ይዛ ትራመዳለች። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል። ቀና ስትል እኔን አየች፤ ጭቃ የነካው ቀሚስ፣ የተጣመመ ሆድ፣ ባዶ እግር።

"ቀሚሴን!" አለች መጀመሪያ።

ቀጥላ ሳቀች። እንዴት ያለ ሳቅ ነው! እናቷ እትየ ጥሩ "ልጄን ጉድ አደረጋት" ብለው እስኪደነግጡ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ምጡ መሃል ላይ መጣባትና አንገቴን አንቃ ይዛ፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

"መጣህ" አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

"በሰው ትከሻ ነው የመጣሁት።"

"በምንም ይሁን። መጣህ።"

"ልብሴን ልቀይርና..."

"ግባ አልሁህ!"

ገባሁ። ወገብ የሚታሽበት ቦታ የት እንደሆነ እጄ ያውቀዋል፤ በራሴ ወገብ ተምሬዋለሁ። አሸሁላት። አብሬያት ተነፈስሁ፤ እንዲያውም እኔ አተነፋፈሱን አሳምሬው ሲስተር "አንተ ቆይ፣ ተራዋ የእሷ ነው" አለችኝ። ማንም አላጣደፋትም። ሲላት ትራመዳለች፣ ሲላት ትንበረከካለች፣ ሲስተር የልጁን ልብ እያዳመጠች "ደህና ነው፣ ጎበዝ፣ ጊዜ አለን" ትላታለች። አንድ ጊዜ ዓይኔ ብዥ ሲልብኝ የዝና አየችኝና "ብትወድቅ ነግሬሃለሁ!" አለች። አልወደቅሁም። ላሚቱ ብታየኝ ምነው!

እትየ ጥሩ "ማርያም ማርያም" እንዳሉ ልጄ ወጣች። ሴት ናት። ሲስተር ገና እርጥብ ሳለች የየዝና ደረት ላይ አስቀመጠቻት። የኔ ልጅ አንድ ጊዜ ጮኸችና ደስ እንዳላላት ነገረችን፤ ከዚያ ዝም ብላ እናቷን አየች። እኔም አየኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም፤ አጥር ሥር መሬት ስጭር ሊያመልጠኝ የነበረው ይኼ ነበር።

የልጅቱን ድምፅ ሲሰሙ ውጭ የቆሙት ተሸካሚዎቼ በእልልታ ግቢውን አናወጡት። ሲስተር በሩን ስትከፍት አያ ቢሻው አንገታቸውን አስገቡና ጥግ ወንበር ላይ በቀሚስ ተቀምጬ የማለቅሰውን እኔን አዩ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አሉኝ።

"አሜን አባቴ፣ ያኑርልኝ" አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

የዝና አልጋው ላይ ሆና እንደገና ሳቀች። ሲስተር ግን እንዲህ ያለ ቀን መቼ ይገኛል ብላ ወደ ግቢው ወጣች። የጎደለውን ሦስተኛ ክፍል እዚያው፣ ለዚያው ሕዝብ፣ አሻንጉሊት ሳያስፈልጋት አስተማረች። መምህር አንሙት በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ጭቃ ሆኖ "ድራማ ነው ብያችኋለሁ!" እያለ ሲደርስ፣ አያ ቢሻው "ይኼ ሰውዬ አሁንም አልተመለሰም" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መነኩሲቷ ልጄን ባረኩልኝ። እኔን ግን እንደገና ጠበል ረጩኝ፤ ለሁሉም ይበጃል ብለው።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ቆሰበር ገባ። መናኸሪያ ላይ ስሜ "አራሱ" ሆኗል። "አራሱ፣ ገንፎ በልተሃል?" ሳይለኝ የሚያልፍ ባለ ጋሪ የለም። እኔም በልቻለሁ እላለሁ፤ እውነት ነው፣ እትየ ጥሩ ከየዝና ገንፎ ቆርሰው "አንተም ደክመሃል" ብለው አጉርሰውኛል። በዚያች ገጠር ደግሞ አብሮ መግባት ያፈረ ባል ካለ ሚስቱ "በእግርህ ትመጣለህ ወይስ ቃሬዛ ይጠራልህ?" ትለዋለች አሉ። ሲስተር እንደምትለው በዘመኗ ሁሉ እንደዚህ የሠራ ትምህርት አልሰጠችም።

በቀደም ደጃችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ጌትነት ነው። ግራ ቀኙን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሚስቱ አርግዛለች። ስለ ባሕር ዳር አንድም ቃል አልተነፈሰም።

"እንደው... ወገብ የሚታሸው የትኛው ጋ ነው?" አለኝ፣ በሹክሹክታ።

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት የዝና ልጃችንን ታቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ሳጥኗን ስትከፍት ተሰማኝ። ለሰው እንዳይሰጥ፣ እንዳይሸጥ፣ ማንም እንዳይነካው ብላ አጥባ አጥፋ ያስቀመጠችውን ቀሚስ አምጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

"ከዚህ ነው የሚጀመረው" አለችው። "እንዳትቀድብኝ ብቻ፣ አደራ። ባሌ ለብሶት አጅቦኝ የወለድሁበት ቀሚስ ነው።"